የሮዛሊና ሰልፈኞች

ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ለገሃር በተዘረጋው ሐዲድ ግራና ቀኝ፣ በሰማይ ከሚያንዣብበው አሞራ ጀምሮ በምድር እስከሚሳበው እንሽላሊት ድረስ፣ የናዝሬቱን አምባዬን የማያውቅ ፍጡር አልነበረም። የሚጠራጠር ካለ አሞራውን ይጠይቅ። ከአብዮቱ በፊት ባቡር ጣቢያው አካባቢ «ፎቶ አምባዬ» የሚባል ቤት ነበረው። ፎቶ ማንሳቱ ግን የእግረ መንገድ ሥራ ነው፤ ዋናው ሙያው ሰው ማስጎምጀት ነበር። ለነጋዴ ሰሌዳ ይጽፋል፣ ጋሪ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከተማውን ይዞራል፣ «መጣ! መጣ!» ሲል እንኳን ገንዘብ ያለው የሌለውም ኪሱን ይዳብሳል። በጥር ወር፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጃንጥላ አስተዋውቆ የናዝሬትን ሕዝብ ከነሕፃናቱ ጃንጥላ አስይዟል። አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ጃንጥላ ያለቀበት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አልቅሷል። ለራሰ በራ ማበጠሪያ መሸጥማ ለእሱ የቁርስ ሰዓት ሥራ ነው፤ እንዲያውም ራሰ በራው በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ መስታወት ጨምሯል።

«ሕዝብ ማለት» ይል ነበር አምባዬ፣ «ጆሮ ያበቀለ ኪስ ነው።»

አብዮቱ ሲመጣ ግን ኪሱም ባዶ ሆነ፣ ዕቃውም ከገበያ ጠፋ። ፎቶ ቤቱ «ትርፍ ቤት» ተባለና ተወረሰ። ቁልፉ የቀበሌው ሊቀ መንበር የጓድ ገመዳ ቀበቶ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሰውየው ሲራመድ እንደ በግ ቃጭል ይንሿሿል። ከአምባዬ ካሜራና መብራት ጎን የሰልፍ መፈክሮች፣ የተቀደደ ከበሮና የሦስቱ ጺማሞች ሥዕል ተቆለሉ። አምባዬ ራሱ የቀበሌው የቅስቀሳ ክፍል ሠዓሊ ተደርጎ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ተሰጠው። የከተማውን ግድግዳ ሁሉ በመፈክር ሞላው።

«ይህም እኮ ማስታወቂያ ነው» አላት አንድ ቀን ለሚስቱ ለጉዲቱ። «ዕቃው ነው የሌለው እንጂ።»

ጉዲቱ ብድግ ብላ በእጇ አፉን ከደነችው። «ያ አምባዬ! ግድግዳ ጆሮ አለው። ያውም አንተው የቀባኸው!»

እንቅልፍ የሚነሳው ግን ግድግዳው አልነበረም፤ ፎቶ ቤቱ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገዱን ጠምዝዞ በዚያ ያልፋል፣ ዞር ዞር ብሎ ያይና በቁልፉ ቀዳዳ ያጮልቃል። ከወዲያ ግድግዳ ላይ፣ ራሱ የሣለው የላንጋኖ ሐይቅ ይታየዋል፤ ውኃው ላይ ዝይ፣ ዝይዋ ላይ አውሮፕላን። ናዝሬት ውስጥ በዚያ ሐይቅ ዳር ያልተሞሸረ ባልና ሚስት የለም። ላንጋኖ የሄደ ሰው ራሱ ተመልሶ «የአምባዬው ይበልጣል» ይል ነበር፤ ይህንን ያለው አምባዬ ነው፣ ግን የካደው ሰው አልተገኘም።

ጓድ ገመዳ ድሮ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ሎተሪ ያዞር ነበር። በዕድሜው ሙሉ አንድም ሰው ከእሱ እጅ ገዝቶ ዕጣ ወጥቶለት አያውቅም። አምባዬ ሊቀ መንበሩ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ መጪው ብሩህ ዘመን ሲደሰኩር በሰማ ቁጥር በሆዱ «ሰውየው ሥራ አልለወጠም» ይላል።

ይህ ጓድ ገመዳ አንድ ቀን አምባዬን አስጠራው።

«ከበላይ መመሪያ መጥቷል» አለ፣ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ። «ማስታወቂያ የሚባለውን የቡርዧ መርዝ፣ ያንን የሸማችነት ባህል፣ በፊልም እንድናጋልጥ። የሚያሾፍ ፊልም። ካሜራው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር መጥቶልናል። መርዙን አንተ ታውቀዋለህ፤ ስትረጨው ኖረሃል።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መርዙን ላሳይ ከሆነ መርዙን መቀመም አለብኝ።»

«ቀምም።»

«ጥሩ አድርጌ ከቀመምኩት ሰው ይጠጣዋል።»

«ሕዝባችን ነቅቷል!» አለ ጓድ ገመዳ፣ ጠረጴዛውን መትቶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ በጣቱ አሽከረከረው። «የአዲስ አበባው ጓድ መጥቶ ያየዋል። ካለፈልን ፎቶ ቤትህን ውሰድ፤ የባህል ክፍል እንለዋለን፣ አንተ ትሠራበታለህ። ካላለፈ ደግሞ የአዋሽ ጥጥ ለቃሚ አጥቷል አሉ።»

አምባዬ ቁልፉን አየው። ዓይኑ ሌላ ነገር አላየም።

ፊልሙ የተቀረጸው እዚያው ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የወጣው አቧራ ሞጆ ድረስ ሰው አስነጠሰ። አምባዬ ሦስቱን ጺማሞች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆማቸው፣ የላንጋኖን ሐይቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፣ መብራቱን ተከለ። የጠፋችው የምትሸጠዋ ዕቃ ነበረች። ሳሙና ትሁን ተባለ፣ ምክንያቱም ከተማው ሳሙና ካየ ወራት አልፈዋል፤ ናዝሬት በዚያ ሰሞን ከአቧራ ጋር አብሮ አደር ሆኖ ነበር። አምባዬ ስኳር ድንች ልጦ በቢላ ጠረበ፣ አለዘበ፣ ጠርዙን አሞጠሞጠ፣ ላዩ ላይ በመርፌ «ሮዛሊና» ብሎ ቀረጸ። አረፋው ከጉዲቱ አጥር ሥር ከተቆረጠ እንዶድ ተመትቶ ወጣ። እንዶዱን የመታችው ጉዲቱ ናት።

«ለዚህ ነው ፊልም የሚባለው?» አለች ክንዷን እያሻሸች። «እኔ በዚህ ልብስህን አጥቤ ነበር የማሰጣው።»

«ልብስማ ማንም ያጥባል። እኔ ዓይን ነው የማጥበው።»

ዘርፉ የቀበሌው ታይፒስት ናት፤ ሮዛሊናን ተቀብታ የምትሽኮረመመዋን የቡርዧ ሚስት እንድትሆን ተመደበች። ገርባ የሚባለው ጋሪ ነጂ ደግሞ ፈረሱን ሸጦ ለሚስቱ ሳሙና የሚገዛ ሞኝ ባል ሆነ። ፈረሱም ራሱን ሆኖ ተጫወተ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር። መጨረሻ ላይ የላብ አደሩ ክንድ በመዶሻ ሳሙናዋን ያደቅቃታል። የላብ አደሩ ክንድ እኔ ነኝ ያለው ጓድ ገመዳ ነው።

«ክንድዎ ትንሽ ለስለስ ይላል» አለ አምባዬ በካሜራው ውስጥ እያየ።

«አጠቁረው።»

በከሰል አጠቆረው። ሰዓቱን አውልቁ ሲባል ግን እምቢ አለ፤ ትልቅ የብረት ሰዓት ነበር፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው። ላብ አደር ሰዓት ማክበር አለበት ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ የአብዮቱ ክንድ በከሰል ጠቁሮ፣ ሰዓት አስሮ፣ ስኳር ድንች ቀጠቀጠ። አምባዬ ከካሜራው ጀርባ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠው። ይህ ሰው ሎተሪ ሲያዞር ቢያንስ ትኬቱ እውነተኛ ነበር።

የማሳያው ዕለት ገርባ በጋሪው ድምፅ ማጉያውን ጭኖ ዞረ። የሚለው ነገር በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶታል፣ ቀበሌው ሁልጊዜ የሚለውን ነው። «የቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ! ካርዳችሁን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ውጡ! የቀረ ከኅብረት ሱቅ አገልግሎት ይታገዳል!» በዚህ ጥሪ የተነሣ ስኳር ሲመጣ ሰው ስኳር ወስዷል፣ ጨው ሲመጣ ጨው ወስዷል። በባዶ እጁ የተመለሰበት ጊዜ የለም ማለት አይቻልም፤ ግን ሳይሰለፍ የተመለሰበት ጊዜ የለም።

ጀምበር እንዳዘቀዘቀች ነጩ ጨርቅ ተወጠረ። የአዲስ አበባው ጓድ ከፊት ተቀመጠ፤ ካኪ ልብሱ እንደ ቆርቆሮ የተተኮሰ፣ ፊቱ ደግሞ ከልብሱ ጋር አብሮ የተተኮሰ ሰው ነው። ፊልሙ ድምፅ ስላልነበረው ጓድ ገመዳ የጻፈውን ጽሑፍ አምባዬ በድምፅ ማጉያ እንዲያነብ ተደረገ።

ጽሑፉማ እርግማን ነበር። «ተመልከቱ፣ ይህቺ የከበርቴ ወጥመድ…» ይላል። ነገር ግን አምባዬ ድምፅ ማጉያ ከጨበጠ ስምንት ዓመት አልፎታል። ጉሮሮው ውስጥ የነበረው ማር ረግቶ ረግቶ ኖሮ፣ ያን ምሽት ቀለጠ። «ተመልከቱ…» ሲል የሜዳው ሰው አንገቱን አሰገገ። «ይህቺ…» ሲል እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ዝም አሰኙ። «ወጥመድ…» ሲል ሰው ሁሉ መያዝ አማረው። ጨርቁ ላይ የዘርፉ ፊት፣ ቤት ያህል ሆኖ፣ በነጭ አረፋ ተሸፍኖ ብቅ አለ። አረፋው በላንጋኖ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ በሜዳው ላይ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ተሳበ። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ትንፋሽ ነፋስ የወንጂ ሸንኮራ ሰምቶ ዘንበል ብሏል የሚሉ አሉ።

«ኧረ ይቺ ልጅ ያቺ ታይፒስቷ አይደለችም?» አለች እትዬ በላይነሽ፣ የቀበሌው ምላሰኛ አሮጊት። «ትናንት የከሰል ጆንያ መስላ ያየኋት?»

«እሷ ናት እትዬ!»

«ታዲያ እንዲህ ያበራት ምንድን ነው?»

«ሳሙናዋ ናታ!»

ገርባ በፊልሙ ውስጥ ፈረሱን ሲሸጥ ይስቃሉ ተብሎ ነበር። ማንም አልሳቀም። «ደግ አደረገ» ያለች ሴት ነበረች፣ ባሏን በጎን እያየች።

ከዚያ ያ ጥቁር ክንድ ከነሰዓቱ መጣ። መዶሻው ተነሣ፣ ወረደ፣ ሳሙናዋ ተሰባበረች። ሜዳው በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። የአዲስ አበባው ጓድ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ፤ ፈገግታ ነበር። «ሕዝቡ ጠላቱን ለይቷል» አለው ለጓድ ገመዳ።

ሕዝቡ የለየው ሰዓቱን ነበር። በናዝሬት ኅብረት ሱቅ ሳሙና በመጣ ቁጥር፣ ረጅሙን አጣና ሳሙና በቤተሰብ ብዛት እየቆረጠ የሚያድለው ጓድ ገመዳ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አያምንም። ያ ሰዓት ያለበት እጅ ሳሙና ላይ ካረፈ፣ ትርጉሙን ለናዝሬት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«ተከፋፈለ!» ብላ ጮኸች እትዬ በላይነሽ። «ቁራሹ አነሰ እንጂ ተከፋፈለ!»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አምባዬ እንደ ልማዱ ፎቶ ቤቱን ሊያይ ሄደ። በፊልሙ ውስጥ ዘርፉ ሳሙናዋን ታቅፋ የምትወጣው በዚያ በር ነበር። ከበሩ ጀምሮ ድንጋይ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ጀበና፣ አንድ እግር ጫማ፣ ገል፣ የፈረስ ጫማ ብረት ተደርድሮ ነበር። ሰልፉ ነው። ሰዉ ራሱ ቤቱ ተኝቶ ዕቃው ይሰለፍለታል። የድንጋዩ መስመር በባቡር ጣቢያው በኩል ዞሮ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ጭራው ወደ ሞጆ መንገድ ይወርዳል። አንድ መኪና ነጂ ዱከም ላይ የመጨረሻዋን ድንጋይ አይቻለሁ ብሎ ምሏል።

እትዬ በላይነሽ ግን ከድንጋይዋ ጋር አብራ ቁጭ ብላለች። አምባዬ ፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«ሮዛሊናን ልቀበል።»

«ሮዛሊና የለችም።»

አሮጊቷ በርኅራኄ አየችው። «የለም ካላችሁ አለ ማለት ነው። አለ ስትሉ ነው የማይኖረው።»

«እኔ ልሙት! እኔው ነኝ የሠራኋት። ውሸት ናት።»

«ለካድሬዎች ነው የተቀመጠችው?»

«ለማንም አይደለችም!»

«እንግዲያው ለካድሬዎች ነው» አለችና ድንጋይዋን ወደ በሩ ጠጋ አደረገች።

ረፋዱ ላይ ከወንጂ፣ ከወለንጪቲ፣ ከዴራ በጋሪና በእግር ሰው ጎረፈ። የአዋሽ ባቡር ሲቆም ከውስጡ ድንጋይ የያዙ ሰዎች ወረዱ፤ ናዝሬት ድንጋይ ያልቅብናል ብለው ከአገራቸው ይዘው ነው የመጡት። ሮዛሊናን ያላየ ሰው ከሁሉ ይበልጥ አጥብቆ ያወራላት ነበር። ጠባሳ ታጠፋለች፣ ታጠበችባት የተባለች ሴት ባሏ ከሌላ ቤት ተመልሷል፣ አንዱ ደግሞ ለከብት ቆዳም ትሆናለች አለ። አምባዬ በዚህ መሐል እየተዘዋወረ ይሰማል። ይንቃቸው ነበር፤ በደንብ ይንቃቸው ነበር፤ አጥራቸው ሥር እንዶድ እየበሰበሰ ለእንዶድ አረፋ ድንጋይ የሚደረድሩ ሰዎች! ሆኖም ደረቱ ላይ አንዳች ነገር እንደ ሊጥ ይነፋል።

ጓድ ገመዳ ግን ላቡ ከክንዱ ባልለቀቀው የከሰል ምልክት ላይ ይወርዳል። የአዲስ አበባው ጓድ እስከ እሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ድረስ እዚያው ናዝሬት ሆቴል ይዞ ነበር፤ የተደረደረውን ድንጋይ በመስኮት አይቷል። አምባዬን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ብቻውን አገኘውና ጆሮው ድረስ ተጠጋው።

«ያቺ… በፊልሙ ላይ ያለችው» አለ ወዲያ ወዲህ እያየ፣ «ናሙናዋ ተሰባብራ አለቀች ወይስ የተረፈች አለች? ለእኔ አይደለም። ባለቤቴ ቆዳዋ ደረቅ ነው።»

አምባዬ የተተኮሰው ፊት ላይ ትኩር ብሎ አየ፣ በዚያው ዕለት ለእነዚህ ሰዎች የቀረችው ጥቂት ፍርሃት ከውስጡ ተነነች።

ቅዳሜ ጓድ ገመዳ አምባዬን ከነሚስቱ ጠራ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ነገ ስብሰባው ላይ ግለ ሂስ ታደርጋለህ። ሳሙናው ስኳር ድንች ነው ትላለህ። አረፋው እንዶድ ነው ትላለህ። ፊልሙ ደካማ ነው፣ ሕዝቡ የተደናገረው ሙያው ስላልነበረኝ ነው ትላለህ። አለቀ። ከመድረክ ስትወርድ ቁልፉን ከእጄ ትቀበላለህ፣ ሕዝብ እያየ።»

«ሙያው ስላልነበረኝ?»

«እሱ ነው ዋናው። ፊልሙ ጥሩ ከሆነ ጥፋቱ የአመራሩ ይሆናላ።»

ጉዲቱ ከአፉ ነጥቃ «ይላል!» አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን በሙሉ እጁን ይዛ መከረችው። «ያ አምባዬ፣ ስማኝ። ስንቱ ነው ሙያ ሳይኖረው አለኝ እያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ። አንተ ኖሮህ አንድ ቀን የለኝም ብትል ምን ትሆናለህ? በዚያ በር ቁልፍ ቀዳዳ ስታጮልቅ ስንት ዓመትህ? በላት። አንዲት ቃል ናት። በላትና ቁልፉን ተቀበል።»

«እላታለሁ።»

«በእናትህ ስም ማል።»

ማለ።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ዛፍ ላይ የወጣው ሰው ከቅጠሉ ይበዛ ነበር። ጓድ ገመዳ ስለ አድኃሪያን ወሬ ረዘም ያለ ንግግር አደረገና «አሁን ጥፋተኛው ራሱ ይናገራል» ብሎ ድምፅ ማጉያውን ለአምባዬ ሰጠው። ቁልፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ከመድረኩ ሥር ቆመ። ጉዲቱ ከፊት ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

«ወገኖቼ» አለ አምባዬ፣ «ሳሙናዋ ስኳር ድንች ናት።»

የእትዬ በላይነሽ ድምፅ ወጣ።

«የስኳር ድንች ሳሙና! አላልኳችሁም? ለዚህ ነዋ ፊቷ እንዲያ የለሰለሰው!»

«ስኳር ድንች ነው አሉ!» ተባለ ከኋላ። «የሚበላም ነው ማለት ነው!»

አምባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አረፋው ደግሞ የእንዶድ ነው።»

«እንዶድም አለበት!» ብሎ አንዱ ከዛፍ ላይ ጮኸ። «የአገር መድኃኒት ነው የጨመሩበት!» እልልታ ቀለጠ።

ጓድ ገመዳ ከሥር ሆኖ ቁልፉን አንቀጫቀጨ። «ሦስተኛውን!» አለ በጥርሱ መሐል። «ፊልሙን በል! ፊልሙን!»

አምባዬ አፉን ከፈተ። «ፊልሙ…» አለ። ፊቱን ቀና ሲያደርግ ያን ሁሉ ዓይን አየ። ይህ ሕዝብ በሰልፍ፣ በስብሰባ፣ በመፈክር ሥር ስምንት ዓመት ሲያዛጋ አይቶታል፤ ራሱ ቀለም በቀባው ግድግዳ አጠገብ አንድም ሰው ቆም ብሎ ሳያይ ሲያልፍ ኖሯል። አሁን ግን ያ ሁሉ ዓይን በርቷል። ማነው ያበራው? ሎተሪ አዟሪው? የተተኮሰው ጓድ? አንድ ስኳር ድንች ይዞ፣ ድምፅ የሌለው ፊልም ይዞ፣ የእርግማን ጽሑፍ ይዞ፣ ከሞጆ እስከ አዋሽ አገሩን ያንቀሳቀሰ ማነው? ይህንን ሰው ነው ሙያ የለውም የሚባለው?

«ፊልሙ» አለ አምባዬ፣ «ደካማ…»

ጉዲቱ በዓይኗ ለመነችው።

«…ደካማ ነው የሚል ካለ ዓይኑን ይታጠብ! በምን? በሮዛሊና!»

ሜዳው ፈነዳ። ከዚያ በኋላ አምባዬን የሚያቆመው አልነበረም። «መጣች! መጣች! ስኳር ድንቹ ከሐይቅ ዳር፣ እንዶዱ ከተራራ አናት! ለሙሽራ ብትሆን ለመበለት፣ ለጋሪ ነጂ ብትሆን ለሊቀ መንበር! አንዴ የታጠበባት ሰው ጥላው ሳይቀር ይነጣል!» ጓድ ገመዳ ድምፅ ማጉያውን ሊነጥቅ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ሊያድል የመጣ መስሎት «ገመዳ! ገመዳ!» እያለ እጁን ሳመው፣ ሰዓቱንም ሳመው። የፊተኛው ሰው በኋለኛው ተገፍቶ መድረኩ መንገጫገጭ ጀመረ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አጥብቀው ያዙ፤ ሁለቱ ደግሞ ካርዳቸውን አውጥተው ነበር።

የአዲስ አበባው ጓድ ብልህ ሰው ነበር፤ ሕዝብ ሲገፋ ከፊት መሆን ይሻላል። ድምፅ ማጉያውን ከአምባዬ እጅ ወሰደ። «ጓዶች! መንግሥታችን የሰፊውን ሕዝብ ፍላጎት ተቀብሏል! ሮዛሊና ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ትታደላለች! ማከፋፈያውም ሕዝቡ ራሱ በመረጠው ቦታ፣ በቀድሞው ፎቶ ቤት ይሆናል!»

ቁልፉ ከጓድ ገመዳ እጅ ወደ ኅብረት ሱቁ ንብረት ክፍል ያለፈው እዚያው መድረክ ላይ፣ በጭብጨባ ነው። አምባዬ ዓይኑ እያየ አለፈው። ጉዲቱ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ይህ ከስድብ ይከፋል።

ጥጥ ለቀማ አልሄደም፤ ጥፋተኛ የለማ። ሁሉም ተሸልሟል። ጓድ ገመዳ በፍላጎት አጠናን የምስክር ወረቀት አገኘ። አንድ ከባድ መኪና፣ ለካድሬዎች ተከማችቶ ከኖረበት መጋዘን፣ ያንኑ ቢጫውን የልብስ ሳሙና ጭኖ መጣ። ተቆረጠ፣ ወረቀት ተጠቀለለበት። ናዝሬት በእሱ ታጠበች፣ ተመለከተች፣ ተደነቀች። ያን ዓይነት ሳሙና ዕድሜ ልካቸውን ሲታጠቡበት የኖሩ ሰዎች «ልዩ ነው» ብለው መሰከሩ። እትዬ በላይነሽ ሽበቴ ጠቆረ አለች፤ ጎረቤቶቿም አዎ አሉ። በፎቶ ቤቱ ውስጥ የካሜራው መቆሚያ ሚዛን መስቀያ ሆነ፣ የላንጋኖ ሐይቅ ላይ ካርቶን ተቆለለ።

ለአምባዬ የተለየ ድርሻ አልተፈቀደለትም። እንደ ማንኛውም ነዋሪ ካርዱን ይዞ ይሰለፍ ተባለ። ጉዲቱ ካርዱን ሰጥታ «ሂድ» አለችው፤ በዚያ ሳምንት ያናገረችው ይህን ብቻ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመ። የራሱን በር ያየው በብዙ ትከሻ መሐል ነበር።

ከፊቱ የቆመው ገበሬ ከመቂ የመጣ ነው፤ አላወቀውም። «ጋሼ፣ ሳሙናዋ እውነት ትለሰልሳለች?» አለው።

አምባዬ ዝም ለማለት አስቦ ነበር። ከልቡ አስቦ ነበር።

«ትለሰልሳለች?» አለና ወደ ሰውየው ዞረ። «ወንድሜ፣ ማለስለስ ምን አላት! ይቺን ሳሙና የሠራት ሰው፣ አንድ ሰው ነው፣ አሁንም በሕይወት አለ፤ ስሟን ገና ሲጠራት የፎቶ ቤቱ መስታወት በራሱ ጠራ…»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ ያሉት አልፈውት ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ለመስማት ቆሙ፣ ወዲያው ተራቸው ትዝ ብሏቸው ሮጡ። ጉዲቱ ካርዱን ሳያስመታ ሊመለስ እንደሚችል ጠርጥራ ተከትላው መጥታ ኖሮ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና «ያ አምባዬ! ተራህ አለፈ!» ብላ ጮኸች።

አምባዬ እጁን አወዛወዘላት። ገና ስለ አረፋው አልጀመረም ነበር።